የገሪማ እሾሆች

ይድረስ ለምናፍቅዎ አባቴ ለአቶ ገሪማ፣ መቀሌ።

አባባ፣ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ቁልቁለት ሲወርዱ የሚነዝርዎ ጉልበት እንዴት ሆነ? ሳልዎስ ለቀቀዎት ወይ? እህል ይገኛል ወይ? መድኃኒትስ? ሊጠይቁት የሄዱት አጎቴ ዘረሰናይ ድኖ ተነሣ ወይ? የከፋ ነገር ካለ ለእናቴ ሳይሆን ለእኔ ለይተው ይላኩልኝ። የአጎቴ ልጅ የጎይቶም ሚስትስ? እርስዎ ሲሄዱ እርጉዝ ነበረች፤ ልጁ ይሄኔ እየሮጠ ይሆናል፤ ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አናውቅም።

እኛ፣ እኔ ልጅዎ ዊንታና እናቴ ኣባዲት፣ እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። እናቴ ግፊቷ አንዳንዴ ይነሣባታል እንጂ ቆማ ትሄዳለች፣ ትሠራለች፣ ትቆጣለች። ትቆጣለች ካልኩዎ ደህና መሆኗን ከዚያ ይወቁ።

ይህን የምጽፍልዎ መርሳ ሆኜ ነው። ደብዳቤውን የሚያደርስልን ሰው የእርዳታ እህል ጭኖ በአፋር በኩል ወደ እናንተ የሚመላለስ ሾፌር ነው። የመርሳ ልጅ ስለሆነ ቤተሰቡን ሊያይ መጥቶ ነገ ማለዳ ይመለሳል፤ ስሙን አልጽፈውም። በየኬላው ወረቀት እየተገለጠ እንደሚታይ ስለነገረኝ ስለ ጦር ብዙ ላለማውራት እሞክራለሁ። ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁት ስለ ካክተስ ነው ይበላቸው፤ ውሸትም አይሆንበትም። አሁን ደብዳቤውን መጥቶ እስኪቀበለኝ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት ተቀምጫለሁ። ሻዩ ቀዝቅዟል። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ብዕሬን አስቀምጬ ወዴት እንደሚሄድ አያለሁ፤ ወደ ሰሜንም ቢሆን ወደ ደቡብ፣ ከዓይኔ እስኪሰወር አልጽፍም።

የላኩት መልእክት ደርሶናል። የቆቦዋ ፀሐይ፣ ከሱቅዎ ምስማር በጅምላ ትወስድ የነበረችው ነጋዴ፣ ባለፈው ወር ከአላማጣ በእግሯ ተሻግራ ቆቦ ገባች፤ ከዚያ ወልድያ መጥታ ቤታችንን አንኳኳች። "ጋሽ ገሪማን መቀሌ ገበያ አገኘሁት፤ ከስቷል፣ ምርኩዝ ይዟል፣ አንደበቱ ግን ያው ነው" አለችን። እናቴ ደረቷን ይዛ "ምን አለ? ምን በያቸው አለሽ?" ስትላት፣ ፀሐይ ትንሽ አፈረችና "ካክተሶቹን ውሃ እንዳያበዙባቸው ነው ያለኝ" አለች። እናቴ "ይህን ሁሉ ዘመን ጠፍቶ ስለ እሾህ ይጠይቀኛል!" ብላ ተነሥታ ጓዳ ገባች። ስታለቅስ የሰማሁ መስሎኝ ተከትያት ብገባ፣ እየሳቀች እንባዋን በነጠላዋ ትጠርጋለች። ስለዚህ መልሱን ልስጥዎ፤ ግን አባባ፣ እንደጠየቁት ቀላል አይደለም።

እርስዎ ሄደው መንገዱ ከኋላዎ የተዘጋ ጊዜ፣ የመጀመሪያውን በጋና በልግ እንዳስተማሩኝ አደረግኩ። ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሰድጄ እስከ ታች ካልደረቀ ጠብታ አላቀመስኳቸውም። "በርሜሉ" የምንለው ድቡልቡል ካክተስ እሾሁ መካከል ያ ጥጥ የሚመስለው ነጭ ተባይ ሲገባበት በአረቄ በነከርኩት ጥጥ ጠረግኩለት፤ እናቴ "ሰው ያጣውን አረቄ!" ብላ ጮኸችብኝ፣ ተባዩ ግን ለቀቀ። ከትልቁ ካክተስ ጎን የበቀሉትን ቡቃያዎች በታጠፈ ጋዜጣ ይዤ ጠምዝዤ ነቀልኩና ቁስላቸው ሲደርቅ ለየብቻ ተከልኳቸው። የእትዬ ሸዋዬ ልጅ ዮናስ በበየደልዎ የብረት መደርደሪያ ላይ ቦታ ስላጣሁ የተረፉትን ጣሳዎች እኛን ከእትዬ ሸዋዬ በሚለየን የድንጋይ አጥር ላይ ደረደርኳቸው።

ነሐሴ መግቢያ ላይ ከተማው ታመሰ። ሰው ሁሉ ወደ መርሳና ወደ ደሴ ሲነጉድ እኛም በጭነት መኪና ተሳፍረን ግራና ገጠር ወረድን፤ አያ ሞላ፣ ያ ለቤቱ ቆርቆሮ ሲገዛ በዱቤ የሰጡት ገበሬ፣ እናቴን "እህቴ ናት" ብሎ ከነልጆቹ ተቀበለን። እናቴ የወርቅ ጉትቻዋን ረስታ በዘንቢል ምን ይዛ እንደመጣች ያውቃሉ? "ሽማግሌውን"፣ ያንን ነጭ ፀጉር የለበሰውን ካክተስ! "ይሄ እንኳ ብዙም አይወጋም" ትላለች። ከፀጉሩ ስር ባለው እሾህ ላይ ግን አንድ ሰውዬ መኪናው ሲያንገጫግጨው ተቀመጠበትና ጮኸ። ሰው ሁሉ የተተኮሰበት መስሎት በሆዱ ተደፋ። ያን ቀን አልሳቅንም፤ አሁን እንሥቃለን።

ሽማግሌው ግራና ላይ ሞተ። የገደለውም ደግነት ነው። የአያ ሞላ ባለቤት በየማለዳው ላሞቿን ስታጠጣ ለእሱም በጣሳ ታፈስለታለች፤ "እንግዳ እንዴት ተጠምቶ ይውላል?" ትለናለች። በሰው ቤት ተጠግቶ ምን ይባላል? እናቴ አንድ ሁለቴ "እሱ ብዙ አይጠጣም" ብላ ሞክራ ነበር፤ ሴትዮዋ የይሉኝታ መስሏት ጨመረችለት። አንድ ቀን ሥሩ ለስልሶ ወደ ጎን ዘመመ፤ ስነካው እንደ በሰበሰ ሙዝ እጄ ገባበት። ዝናቡ፣ ጭቃው፣ በጓሮ በኩል የሚያልፈው ሰው፣ "ማን ናችሁ?" የሚለን ሁሉ እዚያም ደረሰብን። አያ ሞላ ግን ለመጣው ሁሉ ያችኑ ቃል ደገመ፤ እህቴ ናት።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ሲከፈት ተመለስን። አባባ፣ ሱቅዎ ባዶ ነው፤ መደርደሪያው እንኳ ተነቅሏል። ማን ወሰደው የሚለውን ትቼዋለሁ፤ የሚጠይቀኝም የለም። የቤቱ ጣሪያ በፍንጣሪ ተበሳስቶ ቀን ቀን ብርሃኑ ወለሉ ላይ ሳንቲም የተበተነ ይመስላል። የዮናስ የብረት መደርደሪያ ተወስዷል። እሾሆቹን ግን ማን ይነካል? ገልብጠዋቸው ግቢው መሃል የተረፈው የክረምት ዝናብ ሁሉ ወርዶባቸዋል። ጎረቤቱ ሁሉ "የገሪማ እሾሆች" እያለ የሚቀልድባቸው ግማሾቹ አተላ ሆነው ጠበቁኝ። የሰው ቤት ፈርሶ፣ የሰው ልጅ ሞቶ እኔ ለካክተስ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ማልቀሻ ያገኘሁ መስሎኝ ነው።

ከዚያ ቢላዋ በእሳት አግዬ ሥራ ጀመርኩ። የለሰለሰውን ከሥሩ ጀምሬ ቀጭን ቀጭን አድርጌ እየቆረጥኩ፣ ቡናማው ነጥብ ጠፍቶ ንጹሕ ሥጋው እስኪታይ ወደ ላይ ወጣሁ። ጫፉ ብቻ የተረፈ አለ፤ እሱንም አልጣልኩም። የከሰል ዱቄት ነስንሼበት ጥላ ውስጥ አጋደምኩት። ቁስሉ ቅርፊት እስኪያበጅ ሳይተከል መቆየት እንዳለበት አውቃለሁ፣ ግን መጠበቅ የማልችል ሰው ሆኛለሁ አባባ። በየጠዋቱ እያነሣሁ በአውራ ጣቴ እነካዋለሁ፤ አስቀምጬው በር ድረስ ሄጄ መንገዱን አያለሁ፤ ተመልሼ ደግሞ አነሣዋለሁ። ሲደርቅ በወንዝ አሸዋና በጠጠር፣ ትንሽ ያረጀ ፍግ ጨምሬ፣ በእርዳታ ዘይት ጣሳ ተከልኩት። ጣሳውን ከታች በምስማር በሳሁት። ምስማሩን ከሱቅዎ ወለል ለቅሜ ነው፤ የቀረን ዕቃ ያ ነው።

አጥሩ ላይ የነበሩት ግን የሉም። ተሰረቁ ብዬ ትቻቸው ነበር።

አሁን ከባዱን ልጻፍልዎ። የእትዬ ሸዋዬ ዮናስ፣ በያጁ፣ እኛ ከመውጣታችን በፊት ዘምቶ ነበር። መስከረም ላይ ጋሸና አካባቢ ወደቀ የሚል ወሬ በሰው በሰው መጣ። ሬሳ አልመጣም፣ ልብስም አልመጣም። እኛ ስንመለስ እርም ወጥቶለት፣ እናቱ ጥቁር ለብሳ በሯን ዘግታለች። በእርስዎ ጊዜ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ "ኣባዲት፣ አደርሽ?" ሳትል አትውልም ነበር፤ አሁን ድምጿ የለም። እናቴ ለቅሶ መድረስ አለብኝ ብላ ጥቁር ለብሳ ወጥታ፣ በሯ ድረስ ሄዳ ትመለሳለች። "ልጇ ወዴት ዘምቶ እንደወደቀ ታውቂያለሽ፣ እኔ ደግሞ ማን እንደሆንኩ እሷ ታውቃለች፤ በምን አፌ ነው እግዜር ያጥናሽ የምላት?" ትለኛለች። ካልሄደች ደግሞ የደስታ ይመስላል። እንዲህ ስትወጣና ስትገባ ነጠላዋ በሩ ላይ ተጠልፎ ተቀደደ። ታክሲ ውስጥ አፏን አትከፍትም፤ ቤተ ክርስቲያንም በሹክሹክታ ነው፤ አነጋገሯ እንዳያስታውቅባት።

ጥር ላይ በራችን ተንኳኳ። ክላሽ ያነገቱ የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ገሚሶቹን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። "ጥቆማ ደርሶናል፣ የተደበቀ ነገር አለ" አሉ። ፍራሹን ገለበጡ፣ ጓዳውን በረበሩ። አንዱ በረንዳው ላይ ያሉትን ጣሳዎች አየና "አሸዋ ለምን ሞላሽባቸው?" አለኝ። ሥራቸው ውሃ ከቋጠረ ይበሰብሳል፣ አሸዋው እንዲያሳልፍላቸው ነው ብዬ ጣሳውን አንሥቼ ቀዳዳውን አሳየሁት። አላመነኝም። እጁን እስከ ክንዱ "ጆሮው" የምንለው ጠፍጣፋ ካክተስ ያለበት ባልዲ ውስጥ ሰደደ። የጆሮውን እሾህ ያውቁታል፤ እንደ አቧራ ነው፣ አይታይም አይለቅም። ሰውዬው ጮኸ። ሌላው "መርዝ ነው!" ብሎ አፈሙዙን ወደ እኔ አዞረ።

የተነሣችው እናቴ ናት። ወረንጦዋን ከመስታወቱ ስር አምጥታ "ና ልጄ፣ ተቀመጥ፣ አትሸው፣ ባሸኸው ቁጥር ይገባል" አለችው። "ይኸው አነጋገሯ!" አለ አንዱ። እሷ የተወጋውን ሰውዬ እጅ ጉልበቷ ላይ አድርጋ መልቀም ጀመረች። እኔ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ቆሜያለሁ። በዚህ መሃል እትዬ ሸዋዬ ገባች። ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ተላጭታ፤ ከእርሟ ወዲህ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። "ምን ፈልጋችሁ ነው?" አለቻቸው። ነገሯት። "ከእናንተ ውስጥ በዚህ ጦርነት ልጁን ያጣ አለ?" አለች። አፈሙዝ ያዞረብኝ ሰው ክላሹን ወደ መሬት መለሰ። "እኔ አጥቻለሁ። ዮናስ የዚህን ቤት እንጀራ በልቶ ነው ያደገው። በእሱ ደም ስም እዚህ ቤት የሚገባ ሰው መጀመሪያ እኔን ያስፈቅድ፤ እኔ ደግሞ አልፈቀድኩም" አለች። አንድ በአንድ ወጡ። ያ የተወጋው ብቻ እሾሁ እስኪያልቅለት ተቀምጦ ቀረ፤ ሲወጣም እናቴን "እግዜር ይስጥልኝ" አላት።

እትዬ ሸዋዬ እናቴን አላየቻትም። ወደ እኔ ዞራ "ጣሳዎችሽን መጥተሽ ውሰጂ፤ በረንዳዬን አጣበቡኝ" አለችና ሄደች። ለካ አጥሩ ላይ የነበሩትን፣ እኛ በወጣን ሰሞን ዝናቡ ሲበረታ አንሥታ ከበረንዳዋ ስር አስገብታቸው ኖሯል። የዮናስ ወሬ ሲመጣ ረሳቻቸው፤ ጠብታ ሳይነካቸው ከረሙ። ተጨማደዋል፣ ቀለማቸው ገርጥቷል፣ ግን ሥራቸው ጤነኛ ነው። ልንወስድ ከሄድነው ከሁለታችን ጣሳ ያነሣሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እናቴ ደፉን እንዳለፈች እትዬ ሸዋዬ እግር ስር ወድቃ ያን የዘገየ ለቅሶ አለቀሰችው። እትዬ ሸዋዬ መጀመሪያ እጇን አልዘረጋችም። በኋላ ግን ዘረጋች።

ቆይ አባባ፣ ጥሩምባ ሰምቼ ወጥቼ ነበር። ሾፌሩ አይደለም፣ የሐራ ሚኒባስ ነው። የት ደረስኩ?

አዎ፤ ካክተሶቹ። አሁን ከበፊቱ ይበዛሉ፤ የዘይት ጣሳ ቤታችንን ሞልቶታል። ትምህርት ቤቱ ስለተከፈተ ማስተማሬን ቀጥያለሁ፤ የካፌዋ መስኮት መስታወት የተሰበረባት አንዲት ልጅ ደግሞ ድመትና እጅ እንዳይገባባት ከእኔ ወስዳ መስኮቷ ላይ ደርድራለች። እንዲህ እያልን መረጋጋት ጀመርን ስንል ደግሞ ወሬው ተነሣ። እንደገና ሊጀመር ነው ይላሉ፤ አይጀመርም ይላሉ። ግማሹ ሰው ዱቄት ይገዛል፣ ግማሹ ዕቃ ይሸጣል። የእኔ ሻንጣ ታስሮ አልጋ ስር ነው፤ እየፈታሁ ልብስ እወስድበታለሁ፣ መልሼ አስረዋለሁ። እናቴ አልሄድም ብላለች። "ገሪማ መጥቶ በሩ ተዘግቶ ቢያገኘው ወዴት ይሄዳል?" ነው መልሷ። በቆቦ በኩል ይምጡ ብዬ መጻፍ እፈራለሁ፤ አይምጡ ብዬ መጻፍም አልቻልኩም። ሁለቱንም ጽፌ ሰርዣለሁ፤ ስርዙን እዚህ ያዩታል።

ይህን ደብዳቤ ዛሬውኑ ካልጻፍሽ ብላ ያጣደፈችኝ ግን እትዬ ሸዋዬ ናት። ግንቦት ላይ ከእናንተ በኩል ምርኮኞች ተለቀው መጡ። ከመካከላቸው የሐራው አቶ ሀብቴ ልጅ ነበረበት፤ እርም ወጥቶለት፣ ተዝካሩ ተበልቶለት፣ በእግሩ ሄዶ የእናቱን በር አንኳኳ። እትዬ ሸዋዬ ይህን ከሰማች ወዲህ አልተቀመጠችም። ጥቁሯን አወለቀች፣ መልሳ ለበሰች። ሐራ ሄዳ የተመለሰውን ልጅ "ዮናስን አይተሃል ወይ?" ብላ ጠየቀችው፤ "ብዙ ነበርን፣ በየቦታው ከፋፍለውናል፣ ያልተለቀቁም አሉ" አላት። አላየሁትም አላለም፤ አየሁትም አላለም። ቆቦም ሄዳ ከመኪና የሚወርዱትን ፊት ለፊት ቆማ ስታይ ዋለች። ተስፋ አታብዢ አልኳት፤ "እኔ ምን አበዛለሁ፣ እሱ ራሱ ይበዛብኛል እንጂ" አለችኝ።

እናም አባባ፣ የዮናስን መልክ አይረሱትም። ረዥም ነው፤ የግራ ክንዱ ላይ በብየዳ የተቃጠለበት ምልክት አለ፤ የፊት ጥርሱ ተሸርፏል። የተያዙ ሰዎች የሚታከሙበት ወይም የሚውሉበት ቦታ የሚያውቅ ሰው ካገኙ ይጠይቁላት። መጠየቁ እርስዎን የሚያስጠረጥር ከሆነ ይተውት፤ እናቴ ይህን አስምሬ እንድጽፍ ነግራኛለች። ይተውት ብዬ ስጽፍ ደግሞ የእትዬ ሸዋዬ ፊት ይመጣብኛል። እርስዎ ያውቃሉ።

ለአጎቴ ለዘረሰናይ እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ፤ ለጎይቶም፣ ለባለቤቱና ላላየነው ሕፃን ሰላምታዬ ይድረስ፤ ሕፃኑን ጉንጩን ይሳሙልኝ። አያ ሞላና ባለቤቱ ከግራና ሰላም ብለዋል፤ ሴትዮዋ ስለ ሽማግሌው ይቅር በለኝ በይልኝ ብላለች። የቆቦዋ ፀሐይ እንደምን ነዎት ትላለች። እናቴ ሰላምታዋን በጽሑፍ አልሰጥም፣ መጥቶ ይቀበለኝ ብላለች፤ ይህን ስትል ግን ሹራብዎን ከቁም ሳጥኑ አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣ ነበር።

እትዬ ሸዋዬን ምን ብዬ ልጻፍ ብዬ ጠየቅኳት። እንዲህ አለችኝ፤ "ወደዚያ አገር ሰላምታ ለመላክ ልቤ ገና ነው። ገሪማን ግን ልጄን ይፈልግልኝ በይው።"

ልጅዎ ዊንታ ገሪማ
መርሳ፣ ሰኔ ፲፰ ቀን ፳፻፲፬ ዓ.ም.